ራሷን የደበቀች አያት ትፈለግ ወይ?

በ1870 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ አንድ የሕዝብ ቆጠራ ሠራተኛ ቤት ለቤት እየዞረ ይመዘግብ ነበር። ቅጹ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀለም፣ ሥራና የትውልድ ቦታ ይጠይቃል። «አባትህ ማን ነው?» የሚል ቦታ ግን የለውም። ሮስ በምትባለው ወረዳ ማዲሰን ሄሚንግስ ከሚባል ስልሳዎቹን ካጋመሰ አናጢ ጋ ሲደርስ፣ ቆጣሪው ማንም ያላዘዘውን ነገር አደረገ። ይህ ሰው የቶማስ ጀፈርሰን ልጅ ነው ብሎ ከስሙ አጠገብ ጨመረበት። ቶማስ ጀፈርሰን ማለት የ1776ቱን የነፃነት አዋጅ ያረቀቀው፣ ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው። ማዲሰን ደግሞ ሃያ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ የዚሁ ሰው ንብረት ነበር።

እኛ አገር ዘር ሲቆጠር ብዙውን ጊዜ ለጋብቻ ነው። ሰባት ቤት ድረስ ይቆጠራል፤ ዝምድና ከተገኘ ነገሩ ይቀራል። አሜሪካኖቹ ጋ የዘር ፍለጋ ሌላ መልክ አለው። በ1620 ሜይፍላወር በምትባለው መርከብ ከመጡት ሰዎች እንወለዳለን የሚሉ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ማኅበር አላቸው። ለመግባት ከራስህ ተነስተህ እስከ መርከቧ ተሳፋሪ ድረስ እያንዳንዱን ትውልድ በሰነድ ማያያዝ አለብህ፤ የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞት ወረቀት። አንድ ወረቀት ከጎደለ ሐረጉ ተቆረጠ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ምራቅህን በትንሽ ብልቃጥ ልከህ በሳምንታት ውስጥ የማታውቃቸውን የአጎት ልጆች ዝርዝር የሚልኩልህ ድርጅቶች አሉ።

በዚህ ሁሉ ፍለጋ ውስጥ ብዙም የማይጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። የምንፈልገው ሰው መገኘት ይፈልግ ነበር ወይ? አያት ሁሉ ስሙ እንዲታወስለት የሚጓጓ ይመስለናል። የሄሚንግስ ቤተሰብ ታሪክ ግን እንደዚያ አይደለም። እዚያ ውስጥ ስሙን የተነጠቀ አለ፣ ስሙን የሸሸገ አለ፣ ስሙን ጮክ ብሎ የተናገረም አለ፤ ያውም ከአንድ እናት ልጆች መካከል።

በመጀመሪያ ግን ስለ አባትየው ጥቂት ልበል። ጀፈርሰን በ1821፣ በሰባ ሰባት ዓመቱ፣ የራሱን የሕይወት ታሪክ መጻፍ ጀመረ። አጀማመሩ ያስቃል። የአባቱ ወገኖች ከዌልስ፣ ከስኖውደን ተራራ አካባቢ እንደመጡ በቤተሰቡ እንደሚወራ ይገልጻል። ስለ እናቱ ወገኖች ስለ ራንዶልፎች ሲያወራ ደግሞ ዘራቸውን እንግሊዝና ስኮትላንድ ድረስ ርቀው እንደሚቆጥሩ ይነግረንና፣ ማመን የፈለገ ይመን በሚል ቃና ነገሩን ያልፈዋል። ዘር መቁጠር ለእሱ የሚቀለድበት ነገር ነው። ለምን አይቀልድ? አባቱ ፒተር ቀያሽና ባለርስት ነበር፤ መሬቱም፣ ስሙም፣ ውርሱም በወረቀት ላይ አለ። የዘር ሐረግን መናቅ የሚችለው ሐረጉን ማንም የማይነጥቀው ሰው ነው።

ወደ ሌላኛው ወገን እንሂድ። የሄሚንግስ ቤተሰብ የሚጀምረው ኤሊዛቤት ከምትባል፣ በ1735 ገደማ ቨርጂኒያ ከተወለደች ሴት ነው። እናቷ አፍሪካዊት፣ አባቷ ሄሚንግስ የሚባል እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ነበር። ይህን የምናውቀው የልጅ ልጇ ማዲሰን በ1873 ኦሃዮ ውስጥ ለሚታተም ጋዜጣ ታሪኩን ስለተናገረ ነው። እንደ እሱ አነጋገር አዛዡ ሕፃኗን ልግዛት ብሎ ቢለምን ባለቤቱ እምቢ አለ። የክልስ ልጅ ያን ጊዜ ገና ብርቅ ነበርና ስታድግ ምን እንደምትመስል ለማየት ፈልጎ ነው ይላል። አባት ልጁን «ልግዛት» ብሎ የሚለምንበት አገር! ሕጉ ግልጽ ነበር። ቨርጂኒያ በ1662 ባወጣችው ደንብ መሠረት ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል፤ እናቱ ባሪያ ከሆነች ልጁም ባሪያ ነው፣ አባቱ ማንም ይሁን ማን። እንግሊዞች ከጥንት የለመዱት ልጅን በአባት መቁጠር ነበር። እዚህ ግን ገለበጡት፤ ባይገለብጡት የገዛ ልጆቻቸው ወራሾቻቸው ሊሆኑ ነበራ።

ኤሊዛቤት ቆይታ ጆን ዌይልስ የሚባል ጠበቃና የባሪያ ነጋዴ እጅ ገባች። ዌይልስ ሦስት ሚስቶች ሞተውበታል፤ ከኤሊዛቤት ስድስት ልጆች ወለደ። የመጨረሻዋ ሳሊ ትባላለች፤ የተወለደችው በ1773፣ ዌይልስ በሞተበት ዓመት ነው። ዌይልስ ከጋብቻው የወለዳት ማርታ የምትባል ልጅ ነበረችው፤ እሷን ያገባት ቶማስ ጀፈርሰን ነው። ስለዚህ ውርሱ ሲከፋፈል ለጀፈርሰንና ለማርታ ከደረሱት 135 ሰዎች መካከል የማርታ የአባቷ ልጆች ነበሩበት። እህት ለእህቷ በውርስ ደረሰች። ይቺን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብላችሁ ድገሟት።

እዚህ ላይ የሚያስጨንቅ አንድ ነገር አለ። በባርነት የኖሩ ቤተሰቦችን ለሚፈልግ ሰው 1870 ግድግዳ ነው ይባላል። ከዚያ በፊት በ1850 እና በ1860 በተደረጉት ቆጠራዎች በባርነት የተያዙ ሰዎች የሚጻፉት በባለቤታቸው ስም ሥር ነው፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀለም ብቻ፤ ስም የለም። «ሴት፣ 34፣ ጥቁር» የምትል መስመር የማን ቅድመ አያት እንደሆነች በምን ይታወቃል? የሄሚንግስ ቤተሰብ ይህን ግድግዳ የሚዘልለው ጌታቸው መዝገብ የሚወድ ሰው ስለነበር ነው። ጀፈርሰን የእርሻ መዝገብ የሚባል ደብተር ነበረው። ማን መቼ እንደተወለደ፣ ለማን ስንት ብርድ ልብስ፣ ለማን ስንት ጨርቅ እንደተሰጠ ይጽፍበታል። ልጆች ከእናታቸው ሥር ይሰፍራሉ። የሳሊም ልጆች እንደዚያው ተጽፈዋል፤ አባታቸው ግን የለም። የጻፈው እጅ የአባትየው እጅ ሆኖ ሳለ።

ዛሬ ዘሮቻቸው «የቅድመ አያቴ ልደት ይኸውና» ብለው የሚያሳዩት ወረቀት ከብት በሚቆጠርበት መንፈስ የተጻፈ ወረቀት ነው። ልናመሰግነው ነው? እኔ በበኩሌ እዚህ ላይ ምስጋና የሚባል ነገር አይታየኝም። ሌባ የሰረቀውን ዕቃ በዝርዝር ጽፎ ስላስቀመጠ ንብረቴን አገኘሁ ብዬ ዝርዝሩን ልጠቀምበት እችላለሁ እንጂ ሌባውን ታሪክ ጠባቂ አልለውም።

ሳሊ በ1787፣ በአሥራ አራት ዓመቷ፣ የጀፈርሰንን ትንሽ ልጅ ይዛ ፓሪስ ሄደች። ጀፈርሰን እዚያ የአሜሪካ መልዕክተኛ ነበር፤ ወንድሟ ጄምስም እዚያው የፈረንሳይ ምግብ አሠራር እየተማረ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በባርነት የመጣ ሰው ነፃነቱን በፍርድ ቤት መጠየቅ ይችል ነበር። ማዲሰን እንደሚለው እናቱ እዚያው መቅረት ፈልጋ ነበር፤ የተመለሰችው የምትወልዳቸው ልጆች ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ነፃ እንዲወጡ ጀፈርሰን ቃል ከገባላት በኋላ ነው። እሱ አርባዎቹን አጋምሷል። ይህን «የፍቅር ታሪክ» እያሉ ፊልምና ልቦለድ የሠሩ አሉ። አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከባለቤቷ ጋር ስለ ራሷ ማኅፀን የምትደራደርበትን ነገር ፍቅር ለማለት ብዙ ነገር አለማየት ይጠይቃል። ድርድር መሆኑ ግን ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ በእጇ ከነበረችው ትንሽ ነገር ለልጆቿ የሚሆን አወጣች።

አራት ልጆች አደጉላት፤ ቤቨርሊ (ወንድ ነው)፣ ሃሪየት፣ ማዲሰንና ኤስተን። ከስምንቱ ቅድመ አያቶቻቸው አፍሪካዊቷ አንዷ ብቻ ነች። የሚገርመው፣ በጊዜው የቨርጂኒያ ሕግ እንዲህ ዓይነት ሰው በቀለም ነጭ ነው። ነጭም ባሪያም። ሕጉ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያስቀምጥ ምንም አልከበደውም።

በ1822 ቤቨርሊና ሃሪየት ሞንቲቼሎን፣ የጀፈርሰንን ርስት፣ ትተው ሄዱ። የእርሻው ተቆጣጣሪ የነበረው ሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲያወራ፣ በጀፈርሰን ትእዛዝ ለሃሪየት 50 ዶላርና የመንገዷን ሰጥቶ ወደ ፊላደልፊያ እንደሸኛት ተናግሯል። በመዝገቡ ላይ ሁለቱም እንደኮበለሉ ነው የተጻፈው። ከዚያ በኋላ ከታሪክ ወጡ። ነጭ ሆኑ። ይህ ማለት እናታቸውን ዳግም በግላጭ «እናቴ» ማለት አይችሉም፤ ለልጆቻቸውም ስለ አያታቸው የሚነግሩት ነገር ፈጠራ መሆን አለበት። ሃሪየት ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር።

አሁን ወደ 1873ቱ ጋዜጣ እንመለስ፤ ለእኔ የጉዳዩ እምብርት እሱ ነው። ማዲሰን በዚያ ቃሉ አባቴ ቶማስ ጀፈርሰን ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ለብዙ ዓመታት ታላላቅ ሰዎች ሲክዱት የኖሩትን ነገር በቀጥታ፣ ያለ ማንገራገር። ስለ እህቱ ስለ ሃሪየት ሲደርስ ግን ዋሽንግተን ውስጥ የተከበረ ነጭ ሰው ማግባቷን ነግሮን ይቆማል። የባሏን ስም አውቀዋለሁ፣ ግን ለጥንቃቄ ስል አልናገርም ይላል። ወሬዋን ከሰማሁ አሥር ዓመት ሆነኝ፣ ትሙት ትኑር አላውቅም ይላል።

አንድ ሰው፣ በአንድ ቁጭታ፣ የአባቱን ምስጢር አውጥቶ የእህቱን ምስጢር ቆለፈ። ይህ መዋዠቅ አይደለም፤ ማዲሰን የሁለቱን ዝምታ ልዩነት ያውቃል። የአባቱ ዝምታ የጌታ ዝምታ ነው፤ ክብሩን፣ ውርሱን፣ ስሙን የሚጠብቅለት። የእህቱ ዝምታ የስደተኛ ዝምታ ነው፤ ቢፈርስ እሷም ልጆቿም የሚወድቁበት ጣሪያ። በሁለቱም በኩል የሚገኘው ዝምታ ነው፤ ጉዳዩ ግን ማንን ይጠብቃል የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ «እውነት ነፃ ያወጣል» እያልን ማንኛውንም የቤተሰብ ምስጢር የመበርበር መብት ያለን ይመስለናል። ማዲሰን ግን እውነት ወዳድነቱን ሳይጥል ዝም ብሏል።

እኛም ቤት እንዲህ ያለ ነገር አለ። ስንት ቤት ውስጥ ነው ዘር ሲቆጠር አንዲት አያት ላይ ሲደረስ ወሬው የሚቀየረው? «እሷን ተዋት» ይባላል። አንዳንዴ ያቺ አያት ለቤቱ በባርነት የመጣች ናት፤ ዝምታውም የእሷን ገመና የሚሸፍን ሳይሆን የጌቶቿን ነው። አንዳንዴ ደግሞ የሸሸች፣ ስሟን ለውጣ ሌላ አገር ልጆች ያሳደገች ናት። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት አይገባም።

ጀፈርሰን በ1826 ሞተ፤ ሐምሌ 4 ቀን፣ አዋጁ በወጣ በሃምሳኛ ዓመቱ። የሬሳ ሳጥኑን የሠራው ጆን ሄሚንግስ ነው፣ የኤሊዛቤት ልጅ። መቃብሩን የቆፈረው ወርምሊ ሂዩዝ ነው፣ የኤሊዛቤት የልጅ ልጅ። በኑዛዜው ነፃ ያወጣው አምስት ሰው ነው፤ ሁሉም ከዚህ ቤተሰብ። ማዲሰንና ኤስተን ከአምስቱ ናቸው፤ ሳሊ ግን በኑዛዜው ላይ የለችም፤ የጀፈርሰን ልጅ ዝም ብላ ለቀቀቻት። ከስድስት ወር በኋላ፣ በጥር 1827፣ ዕዳውን ለመክፈል 130 ሰዎች ለጨረታ ቀረቡ።

ከአምስቱ ነፃ ወጪዎች አንዱ ብረት ቀጥቃጩ ጆሴፍ ፎሴት ነው። እሱ ነፃ ሲሆን ሚስቱ ኢዲትና ልጆቹ ለጨረታ ቀረቡ። ጆሴፍ ሠርቶ፣ አጠራቅሞ፣ ሚስቱንና አንዳንዶቹን ልጆች መልሶ ገዛ። ልጁ ፒተር በአሥራ አንድ ዓመቱ ተሽጦ ነፃ የወጣው በ1850 ነው። በኋላ ሲንሲናቲ ከተማ የባፕቲስት ሰባኪ ሆነ፤ በ1900 ሽማግሌ ሆኖ ሞንቲቼሎን ሊያይ ተመልሶ ሄዷል። ከዚሁ ከጆሴፍ ዘር የተወለደ ዊሊያም ሞንሮ ትሮተር የሚባል የቦስተን ጋዜጠኛ ደግሞ በ1914 ዋይት ሃውስ ገብቶ ፕሬዚዳንት ዊልሰንን ፊት ለፊት ተሟገተ፤ የመንግሥት ሠራተኞች በቀለም እየተለዩ ነው ብሎ። ዊልሰን ድፍረቱ አናደደው።

የሁለቱን ወንድማማቾች ቤት ነገር ላሳጥረው። ማዲሰን ኦሃዮ ሄዶ ጥቁር ሆኖ ቀረ። የልጅ ልጁ ፍሬድሪክ ማዲሰን ሮበርትስ በ1918 ለካሊፎርኒያ ምክር ቤት የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። ኤስተን ግን በ1852 ገደማ ወደ ዊስኮንሲን ተሻገረ፤ ሲሻገር የቤተሰቡን ስም ጀፈርሰን ብሎ ለወጠ፣ ቀለሙም አብሮ ተለወጠ። ልጁ ጆን ዌይልስ ጀፈርሰን በርስ በርሱ ጦርነት ለሰሜኑ ወገን በከፍተኛ መኮንንነት ተዋግቷል። የዱሮውን መንደር የሚያውቅ ሰው ጦር ሜዳ ላይ ቢያገኘው፣ ስለ ደሜ ለማንም አትንገር ብሎ እንደለመነው ሰውየው ኋላ ላይ ተናግሯል። ጥይት የማይፈራ መኮንን! ሁለት ትውልድ ቆይቶ የኤስተን ዘሮች ከጀፈርሰን አጎት እንደሚወለዱ ያምኑ ነበር። ምስጢሩ ሥራውን በደንብ ስለሠራ ምስጢር መኖሩም ተረሳ።

በ1998 የዲኤንኤ ምርመራ መጣ። ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ሳይቆራረጥ ያልፋል፤ ጀፈርሰን ከጋብቻው ያደገ ወንድ ልጅ ስላልነበረው የአጎቱ የፊልድ ጀፈርሰን ዘሮች ደም ተወሰደ። ከኤስተን ዘር ጋር ገጠመ። የጀፈርሰን የልጅ ልጆች «አባትየው የእህቱ ልጅ ካር ነው» እያሉ ሲያወሩት የኖሩት ወሬ ወደቀ። ምርመራው ብቻውን ከጀፈርሰን ወንዶች የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ ከሰነዶቹ ጋር ሲዳመር ግን የሞንቲቼሎ ሙዚየም ራሱ በ2000 ባወጣው ዘገባ አባትየው ቶማስ ጀፈርሰን የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው አለ። የታሪክ ምሁሯ አኔት ጎርደን-ሪድ ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፣ በ1997 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ጥያቄው የደም ሳይሆን የማንን ቃል እናምናለን የሚል መሆኑን አሳይታ ነበር። የማዲሰን ቃል 125 ዓመት ተቀምጦ የታመነው የተደበቀው ወንድሙ ዘር ደም ሲያረጋግጠው ነው። ይህ ለሳይንስ ድል ነው፤ ለእኛ ለአንባቢዎች ግን ትንሽ ያሳፍራል።

የዲኤንኤው ሌላ ወገንም አለ። ከጀፈርሰን እንወለዳለን እያሉ ለትውልድ ሲያስተላልፉ የኖሩ የቶማስ ዉድሰን ዘሮች ያው ምርመራ አልገጠመላቸውም። ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። እኔ እነሱን ሞኝ ማለት ይከብደኛል። አያቶቻቸው ታሪኩን ሲያወርሷቸው ያወረሱት የጀፈርሰንን ክሮሞዞም ብቻ አልነበረም፤ ዝቅ አትበሉ የሚል ትእዛዝም ነበር። የመጀመሪያው ቢፈርስ ሁለተኛው የግድ አይፈርስም። ማዲሰን ቤት ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ካንሳስ ውስጥ የተቀበረውን የልጁን የዊሊያምን አስከሬን አውጥተን እንመርምር ሲባሉ ዘሮቹ እምቢ አሉ። የምናውቀውን እናውቃለን፣ ሬሳ አይቆፈርም ነው ነገሩ። መቃብሩ ተከድኖ ቀረ።

ሞንቲቼሎ ላይ የጀፈርሰን ቤተሰብ መቃብር አለ፤ የሚያስተዳድረው የጋብቻ ልጆቹ ዘሮች ማኅበር ነው። በ2002 የሄሚንግስ ዘሮች በአባልነት ይግቡ ወይ ተብሎ ድምፅ ተሰጠ፤ በከፍተኛ ብልጫ አይግቡ ተባለ። የሳሊ መቃብር የት እንደሆነ አይታወቅም።

እና ሃሪየትስ? ብዙ ተመራማሪ ፈልጓታል፤ የቆጠራ ወረቀት፣ የጋብቻ መዝገብ እየገለበጡ። አልተገኘችም። ዘሮች ካሏት ምናልባት ዛሬ አንዱ ምራቁን በብልቃጥ ልኮ ውጤት እየጠበቀ ይሆናል። እኔ የሚመስለኝ ይህ ነው። እሷን ዝም ያሰኛት አደጋ ዛሬ የለም፤ ስለዚህ ዘሯ የሆነ ሰው ራሱ ቢፈልጋት የሚከለክለው ዝምታ አይኖርም፤ ዝምታውን የገዛችው ለእነሱ ነውና የእነሱ ንብረት ነው። ከውጭ ሆኖ ግን በሩን አንኳኩቶ «አያትህ ባሪያ ነበረች፣ ታውቃለህ?» የሚል፣ የሬዲዮ ዜና ፍለጋ ይሁን የዶክትሬት ማዕረግ፣ ያን በር የማንኳኳት ሥልጣን ከየት እንዳገኘ መጀመሪያ ራሱን ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። ኤስተን ዘሮች ቤት ነገሩ የተገለጠው በ1970ዎቹ ስለ ጀፈርሰን የወጣ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ከቤተሰቡ አንዷ የምታውቃቸውን ስሞች ስላየች ነው። ማንም አላንኳኳም፤ ራሷ ከፈተችው።

ማዲሰን የሃሪየትን ባል ስም እያወቀ፣ ለማንም በጽሑፍ ሳይተው፣ በ1877 ኦሃዮ ውስጥ ሞተ።